የተሰረጎደው ጽዋ

በዚያ የመድኃኔዓለም ዕለት ጠዋት፣ ተረፈች ጽዋውን በጥቁር ነጠላዋ ጠቅልላ ከቤቷ ስትወጣ፣ የቡራዩ ሰው ፊቷን እያየ መንገድ ለቀቀላት። ተራው የእሷ ነበር። ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው እሷ ቤት ተሰብስቦ ከዚህ የነሐስ ጽዋ ሊጠጣ ነው። እሷ ግን ጠላም አልጠመቀች፣ ዳቦም አልጋገረች። ጽዋውን ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢው ለኦቦ ጎበና መልሳ፣ ከማኅበሩም፣ ከማኅበሩ ባለቤት ከመድኃኔዓለምም ልትለያይ ነው የምትሄደው።

ልጇ ጃለታ ከሞተ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ሰበታ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ መከለያው ተነቅሎ የቀረ ማሽን እጁን ይዞ ጎተተው። አለቆቹ "ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው" አሉ። ይሄ አንዱ ንዴቷ ነው። የባሰው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሰማችው ነው፦ "እግዚአብሔር ወዶ ነው የወሰደው።"

"ወዶ?" ትላለች፣ በባሕር ዛፉ መሃል ብቻዋን እየሄደች። "መከለያውንስ የነቀልከው አንተ ነህ? በል ንገረኛ! ልጄ ሲጮህ የት ነበርክ?"

ኦቦ ጎበና ደጃፋቸው ላይ፣ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባለሱቁ ውብአየሁ አብሯቸው ቆሟል። ድንኳን ውስጥ ያንን ቃል የተናገረው እሱ ነው።

"አካም ቡልቴ፣ ልጄ?" አሏት ሽማግሌው።

"ደህና አላደርኩም። ጽዋውን ተረከቡኝ። ከእንግዲህ የእኔን ቤት አትቁጠሩት።"

"እትዬ ተረፈች፣ ኧረ በመድኃኔዓለም ቀን!" አለ ውብአየሁ። "እሱ እኮ ወዶ…"

"ጨርሳትና ጥርስህን ከሱቅህ ትገዛለህ!"

ነጠላውን ገፍፋ ጽዋውን ወደ ድንጋዩ ልትወረውር አነሳችው። አውራ ጣቷ የጽዋው ጎን ላይ ካለው ሰርጓዳ ውስጥ ገባ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ይህን ሰርጓዳ ያበጀው ይኸው ድንጋይ ነው። ተረፈች ያኔ የእናቷን የላሊሴን ቀሚስ ጨብጣ የቆመች ትንሽ ልጅ ነበረች። ወንድሞቿ በተስቦ ባለቁበት ዓመት እናቷ እዚሁ መጥታ ጽዋውን ከድንጋዩ ጋር አላተመችው፤ ወደ ሰማይም እያየች ጮኸች። ተራዋ የደረሰ ዕለት ግን ማኅበርተኛው ሳይጠራ መጣ። የገሠጻት የለም፤ የሰበካትም የለም። ጠላ ስላልነበረ ከምንጭ ውኃ ቀዱ። ላሊሴ ከሁሉ በኋላ የተሰረጎደውን ጽዋ ተቀበለች። "አሁንም አልታረቅኩህም" አለችና ጠጣች። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ አለች። ለብዙ ጊዜ አለች። ያልታረቀችውን ጌታ ሳታናግረው ያደረችበት ቀን ግን አልነበረም። ተረፈች ጸሎት የተማረችው ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

"ኦቦ ጎበና" አለች፣ ድምፅዋ ሻክሮ። "ያን ጊዜ አንቱም ነበሩ?"

"ውኃውን የተሸከምኩ እኔ ነኝ እንጂ! ወገቤ እስከ ዛሬ እናትሽን ይከሳታል።"

አልሳቀችም። ቁጣዋም አልበረደም። ግን ጽዋውን መልሳ ጠቀለለችው።

"ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ጠላ የለም፤ ውኃ ነው። ውብአየሁ፣ ከምንጭ ቀድተህ የምታመጣው አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አንተ። ያችን ቃል ደግመህ ብታነሣት፣ ይሄ ጽዋ ሁለተኛ ሰርጓዳ ያወጣል። በድንጋይ አይምሰልህ፤ በራስህ ነው!"

"እሺ፣ እሺ…" አለ ውብአየሁ፣ ጭንቅላቱን እየዳበሰ። "እንስራው የት ነው ያለው?"

እሷ ግን ቁልቁል ወደ ቤቷ እየወረደች ነበር። ከባሕር ዛፉ መሃል ስትደርስ ወደ ሰማይ ቀና አለች።

"ልጄን ነጥቀኸኛል" አለችው። "እናቴ ያለችህን እኔም እልሃለሁ፤ አልታረቅኩህም። ከሰዓት ግን ቤቴ ና።"