ዶሮዎቹ ያኮርፋሉ

ተማሪዎቿ ከኋላዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ስታስተምር ከአፏ ያልጠፋች ቃል ናት። መልሱ ልክ ሲሆንም «ለምን?» ትላለች፤ ሲሳሳትም «ለምን?» ትላለች። ባሏ «ወጥ አነሰኝ» ለማለት እንኳ ማስረጃ ይዞ ነው የሚቀርበው እየተባለ ይቀለድባታል።

በፈተናዋ መጨረሻ ሁልጊዜ ምርጫ የሌለው፣ «ምክንያቱን አስረዱ» የሚል አንድ ጥያቄ አለ። ለእሱ ሽንጧን ገትራ ስትሟገት ኖራለች። ዘንድሮ ግን ርዕሰ መምህሩ፣ ያውም ራሷ ያስተማረችው ልጅ፣ ቁርጡን ነገራት፦ ከክፍሉ ግማሹ ካላለፈው ጥያቄው ይሰረዛል፤ ፈተናው በሙሉ ምርጫ ይሆናል።

ፈራች። ስለዚህ በፈተናው ዋዜማ ሳምንት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ጥያቄውን የሚመስል ሌላ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ከነመልሱ ሠራችላቸው። ለዶሮ አጥር ሃያ ሜትር ሽቦ አለ። አምስት በአምስት ቢታጠር ስፋቱ ሃያ አምስት፣ ስምንት በሁለት ቢታጠር አሥራ ስድስት ይሆናል። ዙሪያው እኩል ነው፣ ስፋቱ ግን አይደለም። «ስለዚህ ዶሮዎቹ ያኮርፋሉ» ብላ ጨረሰች፤ ክፍሉ ሳቀ። «ቁጥሩ ቢቀየር አትደንግጡ፣ መንገዱ ያው ነው» ብላም ሁለት ቀን አስደገመቻቸው።

ፈተናው ላይ ዶሮ አልነበረም። ጠርዙን አሥራ ሁለት ሜትር ጥብጣብ የሚዞረው ምንጣፍ ነበር።

ቤቷ ሆና በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመረች። አንደኛው ወረቀት ልክ ነው፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ «ስለዚህ ዶሮዎቹ ያኮርፋሉ» ይላል። ወደ ኋላ ተመልሳ አየች፤ ሁለቱም ላይ አለ።

«ዶሮ ምንጣፍ ላይ ምን ትሠራለች?» አለች ጮክ ብላ።

ከአርባ ሁለቱ አርባ አንዱ ቁጥሩን ቀይረው የእሷን ቃል አንድ ሳያጎድሉ ጽፈዋል። የቀረችው ያን ሳምንት ታማ የከረመች ልጅ ናት። አራት ምንጣፍ ስላ፣ ሁለቱን ሰርዛ፣ እንዲህ ብላለች፦ «ጎኖቹ ሲቀራረቡ ስፋቱ የሚያድግ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።» መምህርቷ ደስም አላት፣ አፈረችም።

ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው በር ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ስንት አለፉ?»

አርባ ሁለቱም ብትል ጥያቄዋ ይድናል።

«አንዲት ልጅ» አለች።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ እኔን ነው የገለበጡት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ሲባል አልሰማህም?»

«እንዲህ ከሆነማ መሰረዜ ነው» አለ።

«ሰርዘው። ከክፍሌ ግን አታወጣውም።»

ገብታ የልጅቷን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ጠመኔውን ለሚነሣው ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ትታ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለብዙ ደቂቃ ማንም አልተነሣም። ጠመኔውን ለማንሣት እጇን ቢበላትም እሷም አልተነሣችም።