የአዴ ሐሊማ ሁለት ውጤቶች

ጅማ ውስጥ በራጅ ክፍል ሐኪምነት በጀመርኩበት ዕለት የጻፍኩትን የመጀመሪያ የአልትራሳውንድ ሪፖርት አለቃዬ ዶክተር ታምራት መለሱልኝ። የሴት እንቁላል በሚመረትበት አካል «እንቁልጢ ላይ እብጠት አለ» ብቻ ብዬ ነበር።

«ይህንንማ ሴትየዋም ዳብሳ ታውቃለች» አሉኝ። «ውስጡ ውሃ ነው ሥጋ? ግድግዳው ለስላሳ ነው? ደም ይዘዋወርበታል?»

ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ከሆድ ላይ ለማንሳት ቸኩዬ አላውቅም።

ያኔ የእንቁልጢ ካንሰርን ለሚጠቁም ምርመራ የደም ናሙና አዲስ አበባ ይላክ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም የሚያየው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ በሆድ ቲቢም በእርግዝናም ከፍ እንደሚል፣ ካንሰር እያለም ዝቅ ሊል እንደሚችል ተምረናል። ቢሆንም ዝቅ ያለ ቁጥር ሲመጣ ሁላችንም እፎይ እንል ነበር።

አዴ ሐሊማ፣ በኦሮምኛ እናት ሐሊማ እንደማለት፣ ጅማ አጠገብ ካለችው ከሸቤ የመጡት በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። የወር አበባቸው ከቆመ ቆይቷል። ሆዳቸው እየተነፋ አስቸግሯቸዋል። ልጃቸው ከድር የደም ውጤቱን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደምሽ ንጹህ ነው ተባልኩ» አሉኝ አዴ ሐሊማ። «ቡናው ዛፍ ላይ እየደረቀ ነው፤ ቶሎ ጨርሺልኝ።»

በግራ እንቁልጢያቸው ውሃ የቋጠረ እብጠት አየሁ። ከውስጠኛው ግድግዳ ሥጋ በቅሎበታል፤ በሥጋው ውስጥም ደም ይመላለሳል።

ለማህፀን ሐኪሙ ለዶክተር ኤልያስ ደወልኩ።

«ደሙ እኮ ኖርማል ነው። ከወራት በኋላ ደግመን እንያቸው» አለኝ።

«መጀመሪያ መጥተህ ይህን እይ።»

መጣ። ስክሪኑን አየና «መውጣት አለበት» አለ።

አዴ ሐሊማን ማሳመን ግን ከእሱ ይልቅ ከበደኝ።

«የሚዋሸው የትኛው ነው? ደሜ ነው ያንቺ ቴሌቪዥን?»

«ማንም አልዋሸም፣ እናቴ። በደምዎ ላይ ምንም አልታየም፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ እያለ ወደ ቤትዎ አልሸኝዎትም።»

እናትና ልጅ በኦሮምኛ ብዙ ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ ከድር ወደ እኔ ዞሮ «ኤዬ፣ እሺ፤ ቡናውን እኔ እለቅማለሁ» አለ። እሳቸውም ሻርፓቸውን አስተካክለው «ኢንሻአላህ» አሉ።

ዶክተር ኤልያስ ሁለቱንም እንቁልጢዎችና ማህፀኑን አወጣ። የወጣው ሥጋ የፓቶሎጂ ምርመራ ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ከእንቁልጢው ግን ገና አልወጣም ነበር። አዴ ሐሊማ ዛሬም ለክትትል ይመጣሉ፤ ለአልትራሳውንዱ ሆዳቸው ላይ የምቀባው ጄል ቀዘቀዘኝ ብለውም ይቆጡኛል።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የደም ውጤትና ምስል ሲለያዩ ደስ የሚያሰኛችሁን መርጣችሁ አትያዙ። ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ወስኑ።