እልልታው መድኃኒቱን ሲቀድም

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው የቆምኩት። ምስክርነቴ ግን ምሬት አለበት፣ ታገሱኝ። እስክጨርስ ድረስ እልል እንዳትሉ።

እህቴን ሰናይትን ታስታውሷታላችሁ። በየእሁዱ ከስኪዳም ከተማ ድረስ እየመጣች እዚህ አዳራሽ ወንበር የምትደረድረው እሷ ነበረች። የአንጀት ካንሰር ያዛት። ኬሞ ጀመረች፣ ፀጉሯ ረገፈ፣ እናንተም ጸለያችሁላት። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን በዚያው እሁድ ማይክ አስያዛችኋት። «ተፈውሻለሁ በይ፣ በእምነት ተናገሪው» አላችኋት። ተናገረች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል እንዴት ትመለስ? ስለምናት «በጌታ ፊት ተፈውሻለሁ ብዬ ተመልሼ መርፌ ልሰካ? ምስክርነቴን ውሸት ላድርገው?» ትለኝ ነበር። ሕመሙ ሲጠናባት እንኳ ለማንም አልተናገረችም። ቀበርናት።

እኔም ይህን ደጅ መርገጥ ተውኩ። እግዚአብሔርን ተቀየምኩት፤ ስሙን የሚጠራ ሰው ሲደውል ስልክ አላነሳም ነበር።

ከዚያ የእኔ ሆድ ጀመረኝ። ስሎተርቫርት ሰፈር ያለው ሃውስአርትሴ፣ ያው የቤተሰብ ሐኪሞቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፣ እንደ ልማዳቸው «ፓራሲታሞል ውሰጂ» አለኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። በመጨረሻ አምስተርዳም ሆስፒታል ስደርስ የእህቴ በሽታ ነው። የታዘዘልኝም የእሷው መድኃኒት፣ ኢሪኖቴካን። «ይሄንን አልወስድም፣ እህቴን አላዳናትም» አልኩ።

ልጄ ሊያ ነበረች የምትተረጉምልኝ። «አልጨረሰችውም እኮ እማዬ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ዶክተሯ ሁለት ፋሻ አንስታ እንደ ገመድ ጠመዘዘቻቸው። ጫፉን ለሊያ አስያዘችና ከመሃል ማላቀቅ ጀመረች። ወደ ሊያ ያለው ከረረና ተቋጠረ።

«እማዬ፣ እዪው» አለች ሊያ እየተረጎመች፤ «በየሴሉ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እንደዚህ የተገመደ ሁለት ክር ነው ትላለች። ሴሉ ለመባዛት ክሩን አላቆ ይቀዳዋል። ሲላቀቅ ግን ከፊት ያለው ይከርራል። እሱን የሚያላላ ኢንዛይም አለ፤ አንዱን ክር ይቆርጣል፣ እንዲዞር ይለቀዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ኢንዛይሙ ክሩን ቆርጦ መልሶ ሳይገጥመው እዚያው ይይዘዋል። ሴሉ እየቀዳ ሲመጣ የተቆረጠው ላይ ይጋጫል፣ ሁለቱም ክር ይበጠሳል፣ ሴሉ ይሞታል። ካንሰር ሳያርፍ ስለሚባዛ በጣም ይጎዳዋል። ፀጉርና አንጀትም ቶሎ ስለሚባዙ አብረው ይጎዳሉ።»

«ታዲያ አንዴ አይበቃም?» አልኩ።

«ሁሉም ሴል በአንድ ቀን አይባዛም ትላለች። ዛሬ ያመለጠውን በሚቀጥለው ያገኘዋል። በመሃል ካቆምሽ የቀረው ይባዛል።»

የቀረው ይባዛል! ወገኖቼ፣ እኛ አዳራሽ እልልታው ሲቀልጥ፣ እህቴ ሆድ ውስጥ የቀረው እየተባዛ ነበር።

የዚያን ቀን ትራም ውስጥ አለቀስኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላም ጸለይኩ። «ያንን ኢንዛይም በሴሌ ውስጥ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። ሰው እንዲደርስበት የፈቀድከውም አንተ ነህ። ታዲያ ሰናይትን ለምን አላስጨረስካትም?» አልኩት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ግን አልተወኝም፣ ሃሌሉያ! መድኃኒቱ ሲንጠባጠብ «ጌታ ሆይ፣ ያዘው፣ እንዳይገጥም» እያልኩ ነበር የምጸልየው። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። ሆዴ እንደ ውሃ ሲፈስ፣ ፀጉሬ ትራሴ ላይ ሲቀር፣ ያው ጸሎት ነው።

ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ሕክምናው ሳያልቅ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ነይና መስክሪ፣ ሕዝቡ ይበረታ» አሉኝ። «ጋሽዬ፣ ያልጨረስኩትን አልመሰክርም» አልኳቸው። እሳቸውም «ለሰናይትም እንዲህ ያላት ሰው በነበረ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

አሁን ጨርሻለሁ። ስካኑ ላይ ምንም አልታየም፣ ክብር ለጌታ ይሁን! ዶክተሯ ግን «እንከታተላለን» ነው ያለችኝ፤ «ድነሻል» አላለችም። እኔም አልልም። ዛሬ ቆሜአለሁ፣ ስለ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ነገ ቢመለስብኝ ሆስፒታል እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ ውሸታም አትበሉኝ።

ከመካከላችሁ በምስክርነቷ ታስራ ቀጠሮዋን የተወች እህት ካለች፣ በጌታ ታመኚ፣ ነገውኑ ሂጂ። እሱ እዚያም አለ፤ እኔ አግኝቼዋለሁ። ብቻዬን ካልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ። እናንተም እልልታችሁን አቆዩላት፤ ጨርሳ ስትወጣ የሆስፒታሉ በር ላይ እንቀበላታለን።