ሰይድ ሞትን አልናቀም

ከሐይቅ በስተሰሜን፣ ከውጫሌው አስፋልት በላይ ያለውን ጉብታ እንድንይዝ የታዘዝነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሠላሳ አንድ ሚሊሻዎች ነበርን። ስድስት ሰዓት ላይ ከባድ መሣሪያ ወረደብን። መትረየሳችን ተመታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አፈግፍጉ» ተባልን።

ሰይድ ሆዱን ተመትቶ ነበር። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ገበሬ ነው፤ ምሽግ ውስጥ እንኳ ስለ ሽንኩርቱ ውኃ ይጨነቅ ነበር። ከሁለት አጣናና ከጋቢ ቃሬዛ ሠርተን ለአራት ተሸከምነው። በገደሉ በኩል አቋራጭ ነበረ። አስፋልቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። በአገራችን ቃሬዛ ያየ መንገደኛ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፤ ይህን አምኜ ነው። «አብሽር ሰይዶ፣ አስፋልቱ ላይ ሰው አይጠፋም» አልሁት።

ሰው አልጠፋም። መንገዱ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ግን ሁሉም የየራሱን ልጅ አዝሏል። በእነሱ አልፈርድም። የምፈርደው በጋንታ መሪያችን ነው። ፒካፑ ላይ ፍራሽና ፍሪጅ ጭኖ ክላክሱን እያጮኸ አጠገባችን ደረሰ። «ፍራሹ ላይ እናስተኛው!» ብዬ ጮኽሁ። መስታወቱን ዘጋ። ያንን መስታወት ዛሬም ባገኘው በድንጋይ እሰብረዋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ሞርታር አስፋልቱ ዳር ፈነዳ። ሁለቱ ተሸካሚዎች ሮጡ፤ ሦስተኛው ወደቀ፣ አልተነሣም። ጠላት ከጉብታው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ሰይድ ቀበቶዬን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወላሂ አትጣለኝ! መኖር እፈልጋለሁ!»

ልጎትተው ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቄ ሮጥሁ። የቆሰለ ሰው ያን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ብዬ አላስብም ነበር።

በማግስቱ ስንቆጠር አሥራ ሁለት ሰው ጎደለን። የሰይድ አስከሬን ኋላ ላይ ሲገኝ ከቃሬዛው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። በደረቱ እየተሳበ ነው የሄደው።

መታሰቢያው ላይ አንድ ባለሥልጣን «ሞትን ንቀው ወደቁ» አለ። ደሜ ፈላ። ሞትን የናቀ ሰው ይሳባል? የሰይድ ሚስት ዘሀራ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«እውነት ነው ወንድሜ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ውሸት ነው» አልኋት። የቀበቶዬንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኋት።

«እኔ የማውቀው ሰይድ ይኼ ነው» አለች።

እሱ ለመኖር ብሎ ያዘኝ፤ እኔም ለመኖር ብዬ አላቀቅሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘሀራ ሰላም ስላት አትመልስልኝም። እውነት አላት።