አውሮፕላን ማብረር የሚችል ኮምፒውተር

ያንን ኮምፒውተር የገጣጠምኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አይደለም። ዛሬ ይህን ብናገር ለማንም ምንም አይፈይድም። ግን ሰው የራሱን ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ከኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ በራሱ አፍ ሊለው ይፈልጋል።

ጋምቤላ ያኔ ገና ክልል መሆኗ ነበር። ትናንት መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ሰሌዳ ይሰቀልበትና ቢሮ ይሆናል። ለየኃላፊው ኮምፒውተር ይመጣለታል፤ ይመጣና ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል፣ የሚያውቀው ሰው የለማ። አባቴ ከጎሬ መጥቶ ሆስፒታሉ ውስጥ ድሬሰር ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ እዚያው አረፈ። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ቀረን። ወንድሜ ፑኝዶ፣ ስደተኞቹ ያሉበት፣ የአንድ እርዳታ ድርጅት ዕቃ ቤት ተቀጠረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ይመጣል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ገበያው አጠገብ አንዲት ሴትዮ ዘንድ የሰው ማመልከቻ በታይፕ እጽፍ ነበር።

እናቴን ዓይኗን ለማሳከም አዲስ አበባ ወስጃት አጎቴ ቤት አረፍን። የአጎቴ ልጅ ኮምፒውተር ነበረው። አንድ ከሰዓት እሱ ሲወጣ «ንኪው፣ አይነክስም» ብሎኝ ሄደ። አውሮፕላን የሚያበርሩበት ጨዋታ ነበር። መሪውን ወደ ራሴ ስስበው መሬቱ ወደቀልኝ፤ ቤቶቹ አነሱ፣ ባሕሩ መጣ። ተራራ ላይ ተከሰከስኩ። ደግሜ ተነሣሁ። አጎቴ ቤት የቀረውን ጊዜ በሙሉ ስለዚያ ብቻ ነው ያሰብኩት። እናቴ ዓይኗ ድኖ ወደ ጋምቤላ ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለኔም ይኖረኛል ብዬ ቆረጥኩ።

ያለቀለት ኮምፒውተር መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ወንድሜ ከሥራ ቦታው ፈረንጆቹ አንብበው የጣሏቸውን የኮምፒውተር መጽሔቶች ያመጣልኝ ነበር፤ እናቴ እሳት ታቀጣጥልባቸዋለች ብሎ። እኔ ግን መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኳቸው። ዕቃው ለየብቻ እንደሚሸጥ፣ ሰው በገዛ እጁ ሊገጥመው እንደሚችል፣ ሲገጥመውም እንደሚረክስ ያወቅሁት ከነሱ ነው።

ለወንድሜ ነገርኩት። እሱ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ አንድ ቀን አይቶ ነበርና ዓይኑ በራ።

«ግማሹን እኔ አዋጣለሁ» አለኝ። «ግን ስክሪኑ ትልቅ ይሁን። የውጭ ኬዙም የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር።»

«ኬዝ ቆርቆሮ ነው» አልኩት። «ቆርቆሮ አያበርርም።»

ብዙ ቅዳሜ የተከራከርነው በዚህ ነው፤ ያንን ጊዜ ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል፣ ደስ ማለቱም ነው የሚያናድደኝ። ያለን ገንዘብ ሁሉን አይገዛም። አንዱን ከፍ ስታደርግ ሌላው ዝቅ ይላል። ሒሳቡን የሚሠራውን ፕሮሰሰር ፈጣን ካደረግን ሜሞሪው ያንሳል፤ ሥዕሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ጥሩ ከገዛን ስክሪኑ አሮጌ ይሆናል። እሱ የሚታየውን ይመርጣል፣ እኔ የማይታየውን። በመጨረሻ ደካማውን ፕሮሰሰር፣ ጥሩውን ካርድ፣ በቂ ሜሞሪ፣ ትንሽዬ ያገለገለ ስክሪን አልን። ድምፅ ማጉያውን ተውነው። ኬዙን ደግሞ እሱ ድርጅቱ ከጣለው ቆሻሻ ውስጥ ለቀመው፤ ጎኑ የተጣመመ፣ ክዳን የሌለው። «ክዳን ባይኖረውም ይሻላል፣ በዚህ ሙቀት ይተንፍስበት» አልኩ። የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነው ስታቢላይዘር ላይ ግን አልተደራደርኩም። የኛ ከተማ መብራት ሲመጣ እንደ በሬ ነበር የሚመጣው፤ የነካውን ይዘረጥጣል።

ዕቃውን ያስመጣልን ሬዲዮና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ወንድማቸው መርካቶ ሱቅ ነበረው። የምፈልገውን አንድ በአንድ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ብረታ ብረት ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልገጣጥመው ነው ሐጂ።»

«ወንድምሽ?»

«እኔ።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ «አላህ ያግዝሽ» ብለው ተቀበሉኝ።

የመጣው ሜሞሪ ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ማዘርቦርድ ጋር የማይገጥም ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ የስልኩ ሳጥን ውስጥ ገብቼ መርካቶ ላለው ወንድማቸው ጮኽኩ። «የላካችሁት ሜሞሪ ጠርዙ ላይ ሁለት ቁርጥ አለው! አንድ ቁርጥ ያለውን ነው የምንፈልገው!» ከሳጥኑ ስወጣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያየኛል። አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ምን ተቆረጠብሽ?» ብላ አዘነችልኝ። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ትክክለኛው እስኪመጣ እጅግ ቆየ። ከሥራ ስወጣ ባሮ ዳር እየሄድኩ፣ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች እያየሁ፣ የቱ ሽቦ የት እንደሚገባ በቃሌ እደግም ነበር።

ሜሞሪው የመጣ ዕለት አላስቻለኝም። ወንድሜ ፑኝዶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእናቴን ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ፤ በካቻቢቴ ብሎኖቹን አሠርኩ፣ የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ተጭኜ አስገባሁ። ከሰዓት መብራት ሲመጣ ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ማሽኑ ይጮኻል። መጽሔቱ ላይ ጩኸቱ ራሱ ቋንቋ እንደሆነ አንብቤ ነበር፤ ይሄኛው «ካርዴ በደንብ አልገባም» ማለት ነው። አጠፋሁት፣ ካርዱን ነቅዬ መልሼ እስኪጣበቅ ተጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ነጭ ፊደል መጣ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ፤ ለካስ ድምፅ አውጥቼ እያለቀስኩ ነው።

ጨዋታውን የአጎቴ ልጅ ገልብጦ ልኮልኝ ነበር። ያን ሳምንት በረርኩ። ወንድሜ ቅዳሜ መጣ፤ አቅፎ አነሣኝ፣ ቤቱ መሐል አዞረኝ። «አንቺ ጉደኛ!» አለኝ። ያቺን ቅዳሜ አልክድበትም። ያኔ የኔ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። ጎረቤት፣ የሥራ ጓደኞቹ፣ የጓደኞቹ ጓደኞች። እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ሻይ አቀርባለሁ። መጀመሪያ «ገጣጠምነው» ይል ነበር። ቆይቶ «ገጣጠምኩት» ሆነ። ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ስሰማው ሳቅሁ፤ የቀለደ መስሎኝ ነው። እሱ አልሳቀም።

አንድ ቀን አንድ የቢሮ ኃላፊ መጡ። የአካባቢው ተወላጅ፣ ጸጥ ያሉ፣ አማርኛን መርጠው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ክዳን የሌለውን ማሽን ውስጡን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይሄን ማን ሠራ?»

ወንድሜ አላየኝም። «እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«እኛ ጋ ብዙ አለ፣ ሁሉም ተበላሽቷል። ክልሉ እንዳንተ ያለ ሰው ይፈልጋል። ሰኞ ና።»

ሰውየው እንደወጡ እናቴን አየኋት። አንሶላዋን ያነጠፍኩበት ዕለት እዚያው ቤት ነበረች፤ ታውቃለች።

«እማዬ፣ ሳይርቁ እውነቱን ንገሪያቸው እንጂ!»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተይለት» አለችኝ። «ከዚያ ከፑኝዶ አቧራ ይውጣልኝ። እሱ ነው ይሄን ቤት የሚያቆመው። አንቺ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ።»

ወንድሜ የመንግሥት ባለሙያ ሆነ። ስለ ማሽን የሚያውቀው የሚያበራበትን ቁልፍ ብቻ ነበር። ለምሳ ሲመጣ ምን እንደተበላሸ በእጁ እያሳየ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት እነግረዋለሁ። ከሰዓት ሄዶ ያደርገዋል። ይመሰገናል። እኔ በልቤ ዕውቀቱ ቤተሰብ ውስጥ ነው፣ ምን ልዩነት አለው እል ነበር። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

በቃል የማይፈታ ብልሽት ሲያጋጥመው እሑድ ይዞኝ ሄደ። የቢሮው በር ላይ ጥላ ሥር የተቀመጡ አዛውንት ዘበኛ ነበሩ። አዩኝ፣ ወገቤ ላይ ያሸረጥኩትን ነጠላ አዩ።

«ይቺ ልጅ ለጽዳት ናት?»

«አዎ» አለ ወንድሜ። «ለጽዳት ናት።»

አንድ ክፍል ውስጥ ገባን። የኃላፊውን ማሽን ፈታሁት፣ አስነሣሁት። እጄ ሥራውን አልረሳም። ስጨርስ ወንድሜ ከጥግ መጥረጊያውን አንሥቶ ሰጠኝ።

«ወለሉን ትንሽ ነካ ነካ አድርጊው፤ ዘበኛው ከጠየቁ...»

ጠረግሁ። ዛሬም ያ መጥረጊያ መዳፌ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ቆይቶ ቢሮው ለኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት ሠራተኛ እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ለጠፈ። ሴት ብትሆን ትመረጣለች ይላል። ለማንም ሳልነግር አመለከትኩ። ፈተናው ቀን ከሌሎች ሦስት አመልካቾች ጋር ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወንድሜ ከውስጥ ወጣ፤ ፈታኝ እሱ ነበር። እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው የመጣሽው?»

«ልፈተን።»

«እህቴን ቀጠረ ይሉኛል። ይሄ አዲስ ክልል ነው፣ በዘመድ አዝማድ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚያስጠይቅ ታውቂያለሽ። ስምሽን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። ለኔም ላንቺም ክብር ብዬ ነው።»

«ጥያቄዎቹን ማን አወጣቸው?»

እጄን ለቆ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ያኔ ገባኝ፣ ጥያቄዎቹ ከኔ አፍ የወጡ ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ስለ ሁሉም ጠይቆኝ፣ የማሽን ብልሽት መስሎኝ መልሼለት ነበር።

ቤት ሄጄ ኮምፒውተሩን ፈታሁት። አልሰበርኩም፤ ካርዱን፣ ሜሞሪውን፣ ፕሮሰሰሩን ለየብቻ በጨርቅ ጠቀለልኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «የወንድምሽም አለበት» አለችኝ። «ስክሪኑንና ኬዙን ትቼለታለሁ፤ እሱ የሚወደው እነሱን ነው» አልኳት። በሕይወቴ እናቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም ነበር። ፊቷን አዞረች።

ሐጂ ዕቃውን ለመርካቶ መልሰው ሸጡልኝ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ብቻ ካርዱን ከጨርቁ ፈትተው ሲያዩት «ይሄን አንቺ እንደገጠምሽው እዚህ ሱቅ ለመጣ ሁሉ ስናገር ነበር» አሉ። «አንድም ሰው ያመነኝ የለም።» ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። ምስክር ነበረኝ፤ ምስክሩንም አላመኑትም።

ገንዘቡን በተቀበልኩ ማግሥት በአውቶቡስ ወደ ጅማ ሄድኩ። እናቴ አልሸኘችኝም። ጅማ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የወለል ጠራጊ ይፈልግ ነበር፤ ገባሁ፣ ቆይቶ ባለቤቱ ምን እንደምችል አየና መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደ። እዚያ ነው ሰው የሆንኩት። የበረራ ጨዋታው ያለበት ማሽን በየቀኑ እጄ ይገባ ነበር፤ አንድም ቀን አልከፈትኩትም።

ከጊዜ በኋላ ወንድሜ የሱቁን ስልክ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ደወለ። «ደህና ነሽ?» አለ፤ መልሴን ሳይጠብቅም «የኃላፊው ማሽን በጠፋና በበራ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ምን ላድርገው?» አለኝ።

ልዘጋበት እችል ነበር። ግን የታመመ ማሽን ሲነገረኝ መልሱ ቀድሞኝ ከአፌ ይወጣል።

«ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው። ቀይራት።»

«ተባረኪ» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ከስልኩ አዙሮ፣ አብሮት ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው «አገኘሁት ጌታዬ፣ ባትሪ ነው» ሲል ሰማሁ። ስልኩም ተዘጋ።