ረቡዕ ከሰዓት የሚደውለው ድምፅ

አሌክሳንድሪያ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸውን አዛውንት ጋሼ ነው የምላቸው። ከአብዮቱ በኋላ ከአገር ወጥተው፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን እያጠቡ የተማሩ፣ ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ መሐንዲስ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የእኔ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ እሄድላቸዋለሁ። መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ ዜና አብረን እናያለን። እሳቸው ግን ከሁሉም የሚወዱት ክርክር ነው።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ክርክር የኮሌጅ ስፖርተኞች ጉዳይ ነበር። ከስኮላርሺፑ ሌላ ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው የሚለው።

“ትምህርቱን በነፃ ሰጧቸው፤ ማደሪያ ሰጧቸው፤ ምግብ ሰጧቸው። ሌላ ምን ቀረ?” ይላሉ ጋሼ። “እኔ ሳሙና የላጠው እጄን ይዤ ነበር ክፍል የምገባው።”

“እርስዎ እኮ ሳህኑን ሲያጥቡ ተከፍሎዎታል፤” እላቸዋለሁ። “የእኔ ልጅ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ትሮጣለች። እራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይጥላታል። ሥራ ልያዝ ብትልስ በየትኛው ጊዜዋ?”

“በስሟ ነግዳ ገንዘብ እንድታገኝ ተፈቅዶላት የለ እንዴ አሁን?”

“ለማስታወቂያ የሚገዙት የኳሱን ልጆች ስም ነው፣ ጋሼ። የሯጭን ስም ማን ይገዛል?”

“እንግዲህ መሮጥ ሥራ አይደለም!” ይሉና ሻያቸውን ያነሣሉ።

ነገሩ ለእኔ ወሬ ብቻ አልነበረም። ልጄ ሃይስኩል ስትጨርስ ከሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የሩጫ ስኮላርሺፕ ደብዳቤ ሲመጣላት፣ ወረቀቶቹን ይዤ የሄድኩት ወደ እሳቸው ነው። አንደኛው እሳቸው የተማሩበት ሆኖ ተገኘ። “እዚህ ላኪያት፤” አሉኝ። ላክኋት።

በሁለተኛ ዓመቷ የቅልጥሟ አጥንት ተሰነጠቀ። እግሯን እስከ ጉልበቷ በሚደርስ የሕክምና ቡት አስረው፣ አንድ ሴሚስተር እረፊ ብለው ወደ ቤት ላኳት። ሳሎን ሶፋው ላይ መዋል ጀመረች። ድሮ በሩን ሳትከፍት ድምፅዋ ቀድሟት የሚገባ ልጅ ነበረች፤ አሁን ዝም አለች። የምጠይቃትን ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ብቻ ትመልሳለች፤ ያቺ እኛ “አዎ” ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት። አማርኛው ብዙም አልያዘላትም፤ ትንፋሿን ግን ከእኔ ወስዳለች።

ጋሼ ልጄን በስም ያውቋታል፤ ፎቶዋንም አሳይቻቸዋለሁ። ተገናኝተው ግን አያውቁም ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላቸው ፊታቸው ፈካ ብሎ “አንዲት ልጅ ትደውልልኛለች፤” አሉኝ።

“የምን ልጅ?”

“ከዩኒቨርሲቲዬ ናት። ከድሮ ተማሪዎች መዋጮ የሚጠይቁ ልጆች አሉ አይደል? ሯጭ ነኝ አለችኝ። ረቡዕ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምትደውለው። መዋጮውን ከጠየቀችኝ በኋላ እንኳ አትቸኩልም። ስለ ወንዙ ዳር መንገድ ትነግረኛለች። ስቀልድ ትስቃለች።”

ስሟን ጠየቅኋቸው። አንድ አጭር የፈረንጅ ስም ነገሩኝ። የቡድኑን ልጆች ስም አውቃለሁ፤ ያ ስም ከነሱ ውስጥ የለም። አዲስ ገቢ ትሆናለች ብዬ ተውኩት።

የሚቀጥለው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። ጆሯቸው ስለደከመ ስፒከር ላይ አደረጉት። እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን እያደረቅሁ ነበር።

“ሄሎ! ሳምንቱ እንዴት ነበር?” አለ በእንግሊዝኛ የልጄ ድምፅ።

የሚመስል ድምፅ አይደለም። ድምፅዋ ራሱ ነው። በልጅነቷ ቶንሲሏ ከወጣ ወዲህ ዳር ዳሩ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ያው ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ሶፋው ላይ ሆና ሥራ ይዛ ደብቃኛለች ብዬ ነው። ጋሼ “ዛሬስ ሮጥሽ?” ሲሏት “ስድስት ማይል! ወንዙን ይዤ፤ ብርዱ ደስ ሲል!” አለች። “በርቺ፣ እግርሽን ግን ጠብቂ፤” አሏት። ከመመለሷ በፊት አየር ወደ ውስጥ ሳበች። ያችኑ ትንፋሽ።

ፎጣውን አስቀምጬ በራሴ ስልክ ልጄ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ይያዛል ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

“ማሚ?” ከእንቅልፏ መንቃቷ ነው።

“የት ነሽ?”

“ቤት። ሶፋው ላይ። ምነው?”

በአንዱ ጆሮዬ ልጄ “ምነው?” ትለኛለች። በሌላው ጆሮዬ ልጄ ሳሎን ውስጥ በጋሼ ቀልድ ትስቃለች። አፌ ላይ የመጣልኝ “ምሳ በልተሻል?” የሚል ብቻ ነበር። ትንፋሿን ሳበች። ስልኩን ዘጋሁና ፍሪጁን ይዤ ቆምኩ። ሳሎን ያለችው ገና ወሬዋን አልጨረሰችም።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ “ኦ፣ ያ ነው፤” አለች።

ትምህርት ሲጀመር፣ ከመጎዳቷ በፊት፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ የድምፅ መቅጃ ክፍል አስገብተው ሁለት ቀን ሙሉ አስነብበዋታል። ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርሳቸው አይገናኙም ነበር። ስለ ነፋስ፣ ስለ ቁርስ፣ ስለ ምስጋና። ከዚያ ሳቂ አሏት።

“ዝም ብለሽ ሳቂ?”

“አንድ ሽማግሌ ቀልድ ሲነግርሽ እንደምትስቂው አሉኝ። ብዙ ጊዜ አስደገሙኝ። ስታዲየም ውስጥ ለሚነገር ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር።”

“ከፈሉሽ?”

“የቡድኑን ሹራብ ሰጡኝ። መጀመሪያ ሳይን ያደረግሁት ወረቀት ላይ አለ አሉ፤ ምስልም፣ ድምፅም።” ከዚያ “ስልክ ላይ ያለችው ምን አለች?” አለችኝ።

“ዛሬ ስድስት ማይል ሮጥኩ አለች።”

ልጄ ቡቷን አየች። “ጎበዝ ናት፤” አለችና ፊቷን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረች።

የምትደውለው ልጅ ሳትሆን በልጄ ድምፅ የሚናገር ማሽን መሆኑን ለጋሼ መንገሩ ከበደኝ። ስነግራቸውም አላመኑኝም። “ማሽን እንዲህ አይስቅም፤” አሉ። “ልጅሽን አምጫትና ልስማት።”

በሚቀጥለው ረቡዕ በክራንች ይዣት ሄድኩ። “ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤” ስትላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት የሚያዩት በፎቶ ብቻ የሚያውቁትን ፊት ነው። እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ስልኩ ጠራ። ስፒከሩን ከፈቱና ስልኩን ወደ ልጄ ገፋ አደረጉት።

“ሄሎ! ሳምንቱ እንዴት ነበር?” አለ ስልኩ።

ልጄ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ “እግርሽ እንዴት ነው?” አለች።

“በጣም ደህና ነው፤ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ!”

“ተሰንጥቆ አልነበረም?”

ሦስታችንም ስልኩ ላይ አፍጥጠናል።

“ይቅርታ፣ እሱን በደንብ አልሰማሁትም፤” አለ ድምፁ በዚያው ደስታ። “ግን ዛሬ ጠዋት ስድስት ማይል ሮጥኩ፤ ወንዙን ይዤ።”

“እኔ አልሮጥኩም፤” አለች ልጄ።

ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል አየር ሳቡ። አንዷ አጠገቤ፣ አንዷ ጠረጴዛው ላይ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ዘጉት።

“እኔ እኮ የሚወስዱባት ሩጫዋን ብቻ መስሎኝ፤” አሉ።

በማግስቱ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወሉ። ያነጋገረቻቸው ሴትዮ ትሕትናዋ አይነገርም። የምትደውለው ልጅ ሌላ ስም ስላላት የእኔ ልጅ አይደለችም አለቻቸው። ድምፁም ቢሆን በስኮላርሺፑ ውል ውስጥ የተካተተ ነው አለች።

“ስሙን የቀየራችሁት እናንተ፤ ሌላ ሰው ናት የምትሉትም እናንተ!” አሉ ጋሼ። “ከተመረቅሁ ጀምሮ ስሰጣችሁ ኖሬአለሁ። ወይ ለልጅቷ ክፈሏት፣ ወይ ስልኬን ሰርዙ።”

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ለልጄ አይደለም፤ ለጋሼ ነው። ድምፁን መጠቀም አቁመናል ይላል። ስለ ክፍያ አንድም ቃል የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ዓይናቸው ወደ ስልኩ ይሄዳል። አንድ ቀን ሳያቸው አፈሩ። “ነውር ነው አውቃለሁ። ግን ትናፍቀኛለች፤” አሉኝ። ልጄ አንዳንድ ጊዜ ትደውልላቸዋለች፤ ሁለቱም ይቸገራሉ። የሚያወሩት ቶሎ ያልቅባቸዋል። “ያቺኛዋ ቀልዴ ይገባት ነበር፤” ብለውኛል፣ እንዳልነግራት አስምለው። ስለ ስፖርተኞቹ ክፍያ ዜና ሲመጣ ደግሞ ድሮ እንደሚያደርጉት ሲጮሁ ጠብቄ ነበር። “ይከፈላቸው፤” ብለው ጣቢያውን ቀየሩት።

የልጄ እግር ድኗል። ስኮላርሺፗ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ ሳይታደስ ቀረ። አሁን ቅርባችን ሮክቪል ባለ ኮሌጅ ትማራለች፤ ከትምህርት በኋላ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች። በሰዓት ይከፈላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ለራሷ ትሮጣለች። መሳቅም ጀምራለች፤ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ።

እኔ ግን ስትደውልልኝ ወዲያው “ሄሎ” ማለት ትቻለሁ። ስልኩን አነሣና ዝም እላለሁ። ትንፋሿን አላምነውም፤ እሱን ሰጥታቸዋለች። አማርኛዋን ነው የምጠብቀው፣ እሱን አላስነበቧትም። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ አምልጧት ደወለች። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

“ማሚ?” አለች በእንግሊዝኛ ቅላጼ። ጠበቅሁ።

“ማሚ፣ ዝናብ እየመታሽ… አይ፣ እየመታኝ ነው። ነይ ውሰጂኝ በቃ!”

ቁልፌን አንሥቼ ወጣሁ።