ለምን ሠላሳ ሆነ?

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትናንት ወደ ኖርዝጌት በሚሄደው ባቡር ውስጥ አንዲት ልጅ የሒሳብ መለማመጃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳሷን ስትነክስ አይቼ ነው ያ ዝናባማ ጥር ትዝ ያለኝ።

ሲያትል በመጣሁ በዓመቱ አጎቴ ጋሼ ደምሴ ከሃይስኩል አስወጥተው ቤት ያስተምሩኝ ጀመር። እንግሊዝኛው ስላልገባኝ ክፍል ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ነበር የምውለው። ቤት የሚማር ልጅ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ፈተና አለበት። ጋሼ ቁርጡን ነገሩኝ፤ ሒሳቡን ካላለፍኩ ተመልሼ ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ።

ታሪኩንም ጽሕፈቱንም እሳቸው ያስተምሩኛል። ሒሳብ ላይ ሲደርሱ ግን፣ የቤተ ክህነት ትምህርት እንጂ አስኳላ ስለማያውቁ፣ "እሱን ከመጽሐፉ ጋር ተነጋገሪ" ይሉኛል። እኔና መጽሐፉ ደግሞ ተኳርፈናል። ቁጥሩንስ እችላለሁ፤ ኤክስ የሚሉት ፊደል ቁጥር ላይ ተለጥፎ ሲመጣ ነው የሚጨልምብኝ።

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሬኒየር ቫሊ ባለችው አፓርትማችን መንደሪን እየላጥን ሳለ ስልክ ተደወለ። አረጋውያን የምትንከባከብ የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ናት፤ ፈረቃዋን ቼንጅ ለማድረግ ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ፈለገች። ጋሼ ጣሪያውን እያዩ፣ ያለ ወረቀት፣ አጉተምትመው ነገሯት።

እንዴት እንዳሰሉት ጠየቅኳቸው። ወንበር የሚሉት የዓመቱ ቁጥር አሥራ አራት ነበር። እሱን በአሥራ አንድ ያባዙና ሠላሳ ሠላሳውን ይጥላሉ፤ አራት ይተርፋል። እንደገና በአሥራ ዘጠኝ ያባዙና ሠላሳ ሠላሳውን ይጥላሉ፤ ሃያ ስድስት ይተርፋል። የጾሙን ቀን የሚያወጡት ከእነዚህ ትርፎች ተነሥተው ነው።

"ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ ካልሞሉ ተሳስተሻል ማለት ነው" አሉኝ።

"ሁልጊዜ?"

"በየትኛውም ዓመት።"

"ለምን ሠላሳ ሆነ?"

"እንዲህ ነው የተቀበልነው፣ ልጄ። መምህሬን እንዲህ ብጠይቃቸው በአለንጋ ነበር የሚመልሱልኝ።"

መንደሪኔን አስቀምጬ ደብተር ሳብኩ። ወንበሩን አላወቅሁትም ብዬ ኤክስ አልኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ኤክስ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ኤክስ፣ አንድ ላይ ሠላሳ ጊዜ ኤክስ። ኤክሱ ምንም ይሁን ምን፣ ድምሩ ሠላሳ ሠላሳ ሆኖ ያልቃል፤ ከሁለቱ የተረፈው፣ ለየብቻው ሠላሳ የማይሞላው ትርፍራፊም ተገናኝቶ ሠላሳ ከመሙላት ሌላ መንገድ የለውም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያ የጠላሁት ፊደል ያለፉትንም የሚመጡትንም ዓመታት በአንዲት መስመር ይዞ ቁጭ ብሏል።

ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ቀይረው ሁለት ጊዜ አስነገሩኝ።

"ሃምሳ ዓመት ስቆጥረው ኖርኩ" አሉ ቀስ ብለው። "ሥሩን አንቺ አየሽው።"

ዓርብ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ዛሬ ሰው ሒሳብ ደረቅ ነው ሲለኝ አልከራከርም። ያን እሑድ የተሰማኝን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሁልጊዜ አይሰማኝም።

ጋሼ በዚያው ዓመት፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ኮሌጅ ሄደው ለአልጀብራ ትምህርት ተመዘገቡ።